ስለ አደይ አበባ ስም፤ ለስም ሰንጣቂዎች የተሰጠ መልስ

ስም ነገርን ለመጥራት የተሰጠ ነው እንጂ ለመነገድ የተሰጠ አይደለም። ነገር ግን በየዓመቱ ጳጉሜን ሲገባ፣ ክረምቱም ከስሜን ተራሮች ላይ ጭጋጉን እየጠቀለለ መሄድ ሲጀምር፣ የአደይ አበባ ስም ገበያ ይወጣል። አንዱ ትርጓሜው እንዲህ ነው ይላል፤ ሁለተኛው የለም እንዲያ ነው ብሎ ይመልሳል፤ ሦስተኛው ሁለቱን በአንድነት ሰፍቶ በጋዜጣና በትምህርት ቤት፣ አልፎ አልፎም በዐውደ ምሕረት ያሰማል። አበባው ግን ከደባርቅ እስከ ዳባት፣ ከወገራ ሜዳ እስከ ጎንደር ከተማ ዳርቻ በእርሻ ዳርና በአጥር ሥር፣ ስሙን ማን እንደ ሰነጠቀው ሳይጠይቅ ፈንድቶ ይታያል።

የክርክሩ ነገር ቀላል ይመስላል። የአንድ የሜዳ አበባ ስም ከወዴት እንደ መጣ ቢሳሳቱ ምን ጉዳት አለው የሚል አይታጣም። ጉዳቱ ግን በአበባው ላይ ሳይሆን በአስተማሪውና በተማሪው ላይ የሚወድቅ ነውና ነገሩን ከሥሩ መመርመር ይገባል።

በየዓመቱ የሚደጋገመው ቃል ሦስት ነው። የመጀመሪያው ወገን፣ በትግርኛ እናት «ኣደ»፣ እናቴ ደግሞ «ኣደይ» ይባላልና አደይ አበባ ማለት «እናቴ አበባ» ማለት ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን፣ አደይ ማለት «አዲስ» ማለት ነው፤ በአዲስ ዓመት ስለሚፈነዳ አዲስ አበባ ተባለ፤ በአፍ ሲንከባለል አደይ ሆነ ይላል። ሦስተኛው ወገን ደግሞ ባሕር ተሻግሮ፣ በዕብራይስጥ ጌጥን «ዐዲ» ይሉታልና፣ የላሜሕም ሚስት ዓዳ ስሟ ከዚሁ የወጣ ነውና፣ አደይ አበባም «የምድር ጌጥ» ማለት ነው ይላል። ሦስቱም ለጆሮ ያምራሉ። ሦስቱም አንድ ጠባይ አላቸው፤ ምስክር ሳይጠሩ ይፈርዳሉ።

ከመጀመሪያው እንጀምር። «ኣደይ» በትግርኛ እናቴ ማለት መሆኑ እውነት ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ትግርኛ ተናጋሪው ራሱ ይህን የመስከረም አበባ በአገሩ የሚጠራው «ገልገለ መስቀል» ብሎ ነው። ቃሉ ከትግርኛ የወጣ ቢሆን ኖሮ፣ የቃሉ ባለቤት ስሙን ለጎረቤቱ አውርሶ እርሱ ለዚያው አበባ ሌላ ስም ሲፈልግ በተገኘ ነበርን? ላም ያለው ሰው ወተቱን ሁሉ ለጎረቤት ሰጥቶ ለልጆቹ ከሌላ ቤት አይለምንም። ደግሞም ባላገሩ ለተክልና ለአበባ ስም ሲያወጣ ከመልኩ፣ ከጊዜው፣ ከጠባዩ ወይም ከጥቅሙ ያወጣል እንጂ፣ ከጎረቤት ቋንቋ «እናቴ» የሚለውን ቃል ከነዝርዝሩ አንሥቶ በአማርኛ ቃል ላይ አይለጥፍም። የድምፅ መመሳሰል ዝምድናን አያጸናም፤ ሁለት ሰዎች አንድ ስም ስለ ተጠሩ ብቻ የአንድ አባት ልጆች አይሆኑም።

ሁለተኛው ቃል ከመጀመሪያው ይልቅ ደካማ ነው። «አዲስ» የሚለው ቃል ዘሩ የታወቀ ነው። በግእዝ ሐደሰ ብሎ ሐዲስ ይላል፤ ትግርኛውም ሓድሽ፣ ዕብራይስጡም ሐዳሽ ይላል። ሐ በአማርኛ አፍ ወደ አ ቢለወጥም ሦስተኛው ፊደል በያለበት ጸንቶ ይኖራል፤ ታደሰ፣ አደሰ፣ እድሳት፣ አዲስ ሲባል ሰ ከቤቱ አልወጣም። አደይ ውስጥ ግን ሰ የለም፤ በእርሱ ፈንታ የቆመው የ ከወዴት እንደ መጣ ሰንጣቂው አይናገርም። ፊደል እንደ ወደደ የሚጥልና እንደ ወደደ የሚያነሣ ሰው ማንኛውንም ቃል ከማንኛውም ቃል ሊያስወልድ ይችላል።

ይህ ወገን ደግሞ የመናገሻ ከተማይቱን ስም ለምስክርነት ይጠራል። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓመተ ምሕረት ፍል ውኃ አጠገብ የተቆረቆረውን ቦታ አዲስ አበባ ብለው መሰየማቸው የታወቀ ነው። እቴጌይቱ በአባታቸው በራስ ብጡል ኃይለ ማርያም በኩል ከስሜን መሳፍንት ወገን ነበሩ፤ የስሜን ሰው አደይን የማያውቅ አይደለም። አደይ አበባ ለማለት ቢወዱ አደይ አበባ ባሉ ነበር። አዲስ አበባ ማለታቸው ግን አዲስ ለማለት ስለ ፈለጉ ነው። እንግዲህ የከተማይቱ ስም አዲስና አደይ ሁለት መሆናቸውን ይመሰክራል እንጂ አንድ መሆናቸውን አይመሰክርም።

ሦስተኛው ቃል የተማረ ሰው ልብስ ለብሶ ስለሚመጣ ብዙዎችን ያታልላል። ጌጥ በዕብራይስጥ «ዐዲ» መባሉ እውነት ነው። ነገር ግን ከዕብራይስጥ እስከ ወገራ እርሻ ያለው መንገድ ረጅም ነውና በመካከሉ ድልድይ ያስፈልጋል። የዓይን ስም በዕብራይስጥ፣ በዓረብ፣ በግእዝ፣ በትግርኛና በአማርኛ አንድ ዘር መሆኑን ሊቃውንት የሚያስረዱት ቃሉን በየመንገዱ እያገኙ፣ እየቈጠሩ ነው። ጌጥ የሚለውን ግን የግእዝ አንባቢ የሚያውቀው «ሰርጐ» ብሎ ነው፤ አሰርገወ፣ ተሰርገወ እያለ ግሱን ያወርዳል። አበባንም የሚጠራው ከጸገየ በወጣው «ጽጌ» በሚለው ስም ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ በሚቆመው ማኅሌተ ጽጌ ሌሊቱን ሁሉ የሚመላለሰው ይኸው ስም ነው። ድልድዩ ሳይታይ ወንዙን ተሻገርሁ የሚል ሰው ልብሱ ደረቅ ቢሆን አለመሻገሩ ይታወቅበታል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የእነዚህ ሰዎች ፊደል ነው። የትግርኛው «ኣደ» በአልፍ ይጀምራል፤ የዕብራይስጡ «ዐዲ» በዐይን ይጀምራል፤ የግእዙ «ሐዲስ» በሐውት ይጀምራል። አማርኛ ሦስቱን በአንድ ድምፅ ስለሚናገራቸው ሰንጣቂው ለእናት ሲፈልግ በአልፍ፣ ለጌጥ ሲፈልግ በዐይን ይጽፈዋል። አንድ ቃል ግን ሦስት ሥር ሊኖረው አይችልም፤ አንዱ እውነት ቢሆን ሁለቱ ሐሰት ናቸው። ይህ ሁሉ እየታወቀ ሦስቱን ትርጓሜ በአንድ ገጽ ላይ ደርድሮ፣ ሦስቱንም «ማለት ነው» ብሎ የሚዘጋ ጸሓፊ አይታጣም። ዳኛ ለከሳሽም ለተከሳሽም ለምስክርም ቢፈርድ ፍርድ ሰጠ አይባልም።

እንዲህ ከተፈቀደማ ነገ ሌላው ተነሥቶ፣ «ደይን» በግእዝ ኵነኔ ነውና፣ አ ደግሞ የ«አልቦ» ምልክት ናትና፣ አደይ ማለት ኵነኔ የሌለበት አበባ ማለት ነው፤ መስቀል ኵነኔን ስላራቀ የመስቀል አበባ ተባለ ቢል ማን ይከለክለዋል? ይህም ለጆሮ ያምራል፤ ለስብከትም ይመቻል። ነገር ግን በዚህ መስመር ላይ አሁን የተፈጠረ ጨዋታ ነው፤ ከዚህ ጽሑፍ በቀር አባት የለውም። አንባቢ ይፈትነው፤ ይህን ሰምቶ ደስ ቢለው፣ ደስ ማለትና እውነት መሆን ሁለት መሆናቸውን ከዚህ ይወቅ።

ሰንጣቂዎቹ ሲጠየቁ አንድ መከላከያ አላቸው። አባቶቻችንም ስም ይሰነጥቁ ነበር፤ መስከረምን «ምሴተ ክረምት» ብለው አልተረጎሙምን? ቅኔስ ያለ ስም ስንጠቃ ምን ጣዕም አለው? ይላሉ። ለዚህ መከላከያ መልስ መስጠት ይገባል፤ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው ይህ ነውና።

ቅኔ የራሱ ነጻነት አለው። ተማሪ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና አደይን እናት ቢያደርጋት፣ ክረምትን የሞተ ባል፣ መስከረምን የተወለደ ሕፃን ቢያደርገው፣ ሰሙ ከወርቁ ጋራ ከተስማማለት መምህሩ «ይበል» ብለው ይቀበሉታል። የሚቀበሉት ግን ምሥጢሩን ነው እንጂ የቃሉን ዘር አይደለም። ያው ተማሪ በማግሥቱ ግስ ሲያወርድ አደይ ማለት እናት ነው ቢል፣ ያው መምህር ከጉባኤው ፊት ያርሙታል። የትናንቱን የፈቀዱ የዛሬውን የከለከሉ ስለ ምንድር ነው? የትናንቱ ቅኔ ነበር፤ የዛሬው ሰዋስው ነው። በኅብር መንገድ አንድ ቃል ሁለት ፊት ይኖረዋል፤ በግስ መንገድ ግን አንድ አባት ብቻ አለው። ይህን ልዩነት ቆሎ ለምኖ የተማረ የቅኔ ቤት ልጅ ያውቀዋል። ወደ ከተማ ወጥቶ ጸሓፊ ሲሆን የሚረሳው ለምን እንደ ሆነ እርሱ ይመልስ።

የትርጓሜ መምህራንም ነገር እንዲሁ ነው። በጎንደር ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ በተከፈለው የመጻሕፍት ትርጓሜ ውስጥ መምህሩ አንዱን ምሥጢር ከተናገረ በኋላ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን ያመጣል፤ እንደ ገና «አንድም» ብሎ ሦስተኛውን ይጨምራል። ይህ ቃል ታናሽ ቢመስልም የትሕትና ቃል ነው። ይህ ብቻ ነው አላልሁም፤ ሌላም መንገድ አለ ማለት ነው። የአሁኑ ስም ሰንጣቂ ከአባቶች ስንጠቃውን ወርሶ «አንድም» የሚለውን ግን በመንገድ ጣለው። በእርሱ ፈንታ «ማለት ነው» የሚለውን አኖረ። አባቶች በር የከፈቱበትን ቦታ እርሱ መዝጊያ አደረገበት፤ ይህንንም አድርጎ የአባቶችን ስም ይጠራል።

የቃልን ዘር መመርመር ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ ለማወቅ የሚሻ፣ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ታሪክ ይመልከት። ሥራውን የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ነበሩ። ከእርሳቸው የተቀበሉት ደቀ መዝሙራቸው ኪዳነ ወልድ በኢየሩሳሌም ብዙ ዘመን ተቀምጠው ዕብራይስጡንም ሌላውንም እያመሳከሩ ደከሙበት፤ ታትሞ ሳያዩትም በ1936 ዓመተ ምሕረት ዐረፉ። ደስታ ተክለ ወልድ ደግሞ ከእርሳቸው ተቀብለው በ1948 ዓመተ ምሕረት ለኅትመት አበቁት፤ የራሳቸውንም የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 አሳተሙ። ሦስት ሊቃውንት እየተቀባበሉ በሦስት ዕድሜ የሠሩትን ሥራ የአሁኑ ሰንጣቂ በአንድ የጳጉሜን ማታ ሠርቶ ያድራል።

ከዚህ ደግሞ ወደ ውጭ አገር የዕፅዋት መርማሪዎች መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በ1878 በዓድዋ እስኪሞት ድረስ በትግሬና በስሜን ዕፅዋት እየለቀመ ወደ አገሩ ይልክ ነበር። ሹልትስ የሚባል ሐኪምና የዕፅዋት መርማሪ ከእነዚህ ለአንዳንዶቹ ስም አወጣ። ያን ጊዜ አደይን ያገቡት «ኮሬዎፕሲስ» በተባለው ወገን ነበር፤ ይህም በግሪክ ትኋን የሚመስል ማለት ነው፤ ፍሬው ትኋን ይመስላልና። በኋላ ወገኑ ሲመረመር «ቢደንስ» ወደሚባለው ተዛወረ፤ ትርጓሜውም በላቲን ባለ ሁለት ጥርስ ማለት ነው፤ በዘሩ ጫፍ ሁለት ጥርስ የሚመስል ነገር ይታያልና። መስፍን ታደሰ የተባሉ ኢትዮጵያዊ የዕፅዋት ሊቅ በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ያለውን ይህን ወገን መርምረው በ1984 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር አሳትመዋል፤ «ቢደንስ ማክሮፕቴራ» ከሚለው የአበባው ስም ቀጥሎም የእርሳቸው ስም ይጻፋል። ማክሮፕቴራ ማለት ባለ ትልቅ ክንፍ ማለት ነው።

እንግዲህ አንባቢ ያስተውል። አደይ በአንድ ዘመን በሊቃውንት መጽሐፍ ትኋን መሳይ ተብላ ተጽፋ ነበር፤ ከውበቷ ግን ምንም አልጎደለባትም። ኋላም ባለ ሁለት ጥርስ ተባለች፤ ማንንም አልነከሰችም። የስም ሥር የነገሩን ባሕርይ አይገልጥም። አደይ እናት ባትባል እናትነቷ፣ ጌጥ ባትባል ጌጥነቷ አይቀርባትም። ስሟን ካላስጌጥንላት ክብሯ ይጎድላል ብሎ የሚጨነቅ ሰው አበባዋን ያላያት ሰው ነው።

ባላገሩ ግን አይቷታል። የከተማ ሰው በመስከረም ወደ ገጠር ወጥቶ ሜዳው ቢጫ ሆኖ ቢያይ ሁሉን አደይ ይለዋል። የወገራ ገበሬ ግን ይለያል። ይህ ለዘይት የተዘራ ኑግ ነው፤ ያ ሳይዘሩት የሚበቅል መጭ ነው፤ ያችኛዋ አደይ ናት፤ ይህ በልብስ ላይ የሚጣበቀው ደግሞ ጨጎጊት ነው ይላል። ጨጎጊት በመርማሪዎቹ መጽሐፍ ከአደይ ጋራ አንድ ወገን መሆኑን ባያነብም፣ ባለ ሁለት ጥርሱን ዘር ከጋቢው ላይ ሲነቅል ኖሯል። ቀፎ የሰቀለውም ሰው ንቡ በመስከረምና በጥቅምት በየትኛው አበባ ላይ እንደሚሰማራ፣ የኅዳሩ ማር ከወዴት እንደ መጣ ያውቃል። በእርሱ አፍ አደይ ራሷን የቻለች ስም ናት፤ አበባ የሚለውን ቃል ሳይጨምር «አደይ ፈነዳ» ይላል። ወንዛን ዛፍ፣ ኑግን ሰብል እንደምንል አደይንም አበባ እንላታለን፤ አደይ የራሷ ስም፣ አበባ የወገኗ ስም ነው። የመስቀል አበባ መባሏም ምሥጢር የለውም፤ መስከረም 17 ቀን ለሚከበረው በዓል ደርሳ ስለምትገኝ ነው። ትግርኛውም ገልገለ መስቀል ሲል ከዚሁ በዓል ጋራ አያይዞ ይጠራታል። ኦሮምኛው ደግሞ ኬሎ ይላታል። በጎጃም ልጃገረዶች በዘመን መለወጫ ዋዜማ እንግጫ ነቅለው ከአደይ ጋራ ሲጎነጉኑ የስሟን ሥር አይጠይቁም፤ ጊዜዋን ግን አይስቱም።

አሁን በመጀመሪያ ወደ ተባለው ጉዳት እንመለስ፤ ጉዳቱ ሁለት ነው።

አንደኛው የተማሪው ነው። ልጁ ከመምህሩ አፍ አደይ ማለት በዕብራይስጥ ጌጥ ማለት ነው ብሎ ይሰማል፤ ያምናልም። አድጎ ቋንቋ ይማራል፤ መጽሐፍ ይገልጣል፤ ነገሩ ምስክር የሌለው መሆኑን ያገኛል። ያን ጊዜ የሚጥለው ይህን አንድ ትርጓሜ ብቻ አይደለም። መምህሩ ስለ ግእዝ፣ ስለ ዜማ፣ ስለ መጻሕፍት ያስተማረውን እውነተኛውን ሁሉ አብሮ ይጠረጥራል። ለጆሮ ጣዕም ተብሎ የተነገረ አንድ ሐሰት ብዙ ደክመው የሰበሰቡትን እውነት ያስጥላል። የከተማው ወጣት የሊቃውንቱን ጉባኤ ተረት ነው ብሎ ሲያልፍ ሊቃውንቱ ያዝናሉ፤ ተረቱን ማን እንደ ሰጠው ግን ሊጠይቁ ይገባል።

ሁለተኛው ጉዳት ከዚህ ይከፋል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓመተ ምሕረት በነበረው ጦርነት በሰሜኑ አገር ስንት ቤት ፈርሶ ስንት እናት እንዳለቀሰች ለጎንደር አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ከዚያ ወዲህ ቃል ሁሉ የወሰን ድንጋይ ሆነ። የአደይ ስም ከትግርኛ መጣ ሲባል አንዱ አበባው የእኛ ነው ይላል፤ ሌላው ተቈጥቶ ስሙን ከራሱ ቋንቋ ለማስወለድ ፊደል ይለውጣል። ሁለቱም ቃሉን ለማወቅ አይደክሙም፤ ለመውሰድ ይደክማሉ። አበባዋ ግን ከተከዜ ወዲህም ወዲያም በአንድ ሳምንት ትፈነዳለች፤ ወዲያ ማዶ ገልገለ መስቀል፣ ወዲህ ማዶ የመስቀል አበባ ትባላለች። ሰዎቹ የሚጣሉበት ስም ሳይሆን የሚስማሙበት ስም በፊታቸው ተቀምጦ ሳለ ያልተገኘውን ፍለጋ ይቈፍራሉ።

ስለዚህ ለወደፊቱ ሕግ ይሁን። ሕገ ኦሪት ያለ ሁለትና ሦስት ምስክር ነገርን አያጸናም፤ የቃልም ዘር እንዲሁ ሦስት ምስክር ይጠየቅበት። አንደኛው ግስ ነው፤ ፊደላቱ ሳይጎድሉና ሳይጨመሩ ከአንቀጹ ይውረዱ። ሁለተኛው ንባብ ነው፤ ቃሉ በቀደመ መጽሐፍ በዚያ ትርጓሜ ይገኝ። ሦስተኛው የአገሬው አፍ ነው፤ ባላገሩ በዚያ ስም ይጥራው። ሦስቱ ሲስማሙ «ማለት ነው» ተብሎ ይጻፍ። አንዱ ብቻ ሲገኝ «አንድም» ተብሎ ይነገር። አንዱም ባይገኝ በቅኔ ማኅሌት ይቀኙበት እንጂ በጋዜጣ አያትሙት።

ይህ የሚከብደው ሰው ካለ ቀላል ሥራ አለለት። በመስከረም መባቻ በትሩን ይዞ ከጎንደር ወደ ዳባት ይውጣ፤ ከሚያገኘው ገበሬ፣ እረኛና ንብ አርቢ ሁሉ አበባዋን፣ ዘሯንና ጊዜዋን ምን ብለው እንደሚጠሩ ጠይቆ በየአገሩ ይጻፍ። አንድ ደብተር ሲሞላ ለመዝገበ ቃላት ሊቃውንት የሚጠቅም ነገር ሠራ ማለት ነው። ይህን የሚያውቁ ሽማግሌዎች በየዓመቱ እያለፉ ነው፤ ስም ሰንጣቂው ግን በከተማ ተቀምጦ አንዲቱን ቃል እየፈለጠ ነው። አደይ በኅዳር ትደርቃለች፤ በሚመጣው መስከረም ትመለሳለች። የሽማግሌው አፍ ግን አንድ ጊዜ ከተዘጋ አይመለስም።